የባዶ ወንበር ጠበቃ

ቅዳሜ 2

ይህን ደብተር የምታነቢ የወንድሜ ልጅ ሆይ፣ በመጀመሪያ ከአልጋዬ ሥር ምን ስትፈልጊ ነበር? መልሱን ካገኘሽ በኋላ ማንበብ ትችያለሽ።

ደብተሩን የሰጠችን የታሪክ መምህሯ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ለእኛ ለትልልቆቹ ታሪክ ታስተምራለች። ዛሬ፣ «የዚህ ወር ትምህርት በቃል አይያዝም፤ እየጻፋችሁ አስቡት» ብላ አንዳንድ ደብተር አደለችን። ምክንያት አላት። ሁለት ሩቅ አገሮች በትልቁ ቦምብ እየተዛዛቱ ነው፤ ሬዲዮው ከነጋ እስኪመሽ ሌላ ወሬ የለውም። ስለዚህ የልምምድ ችሎት እናቋቁማለን። ተከሳሹ አንድ አውሮፕላን አብራሪ ነው፤ በጦርነት ጊዜ ታዞ ከተማ ላይ የኑክሌር ቦምብ የጣለ። ስም አልተሰጠውም። በእሱ ፋንታ ባዶ ወንበር ይቀመጣል። ወሩ ሲያልቅ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ይፈረዳል።

ጠበቃ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወለሉን አየ። እኔ ጣሪያውን እያየሁ ስለነበር ተያዝኩ።

ዐቃቤ ሕግ የሆነችው ባለ መድኃኒት ቤቷ ናት። መነጽሯን አውልቃ ዝም ስትል ሰው ያልሠራውን ኃጢአት ይናዘዛል። ይህን የጻፍኩት ለመረጃ ያህል ነው።

ሰኞ 4

«ጋሼ፣ ጠበቃ ሆንኩ» አልኩት ወንድሜን።

«የማን?»

«የባዶ ወንበር።»

«እግሩ ከተነቃነቀ አምጣው» አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል መላጊያውን እየገፋ።

የእንጨት ሥራ ቤቱ የሁለታችን ነው። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ ቫርኒሽ እቀባለሁ። እሱ ሜትር አይነካም። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አውራ ጣቱን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ «ከዚህ እስከ ቧንቧው አርባ ሦስት ሜትር» ይላል። ስንለካው አርባ ሦስት። በወጣትነቱ መድፈኛ ነበር፤ ያ ዓይን ከዚያ የቀረው ነው። ስለ ጦሩ ሲያወራ ግን የሚያወራው ስለ ምግቡ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ማንበብ የተማርኩት የመስኮት ፍሬም ስቀባ መስታወቱ ላይ ከምለጥፈው አሮጌ ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው በመስታወቱ ልክ ስለሚቀደድ የማውቀው ነገር ሁሉ ግማሽ ነው። ጦርነት እንደተጀመረ አውቃለሁ፤ ማን እንዳሸነፈ ሌላ ሰው ቤት መስኮት ላይ ቀርቷል።

ረቡዕ 6

ባለሥልጣኑ ዛሬ ሁለት ወር ሞላው። የወንድሜ የልጅ ልጅ ነው። ባለሥልጣን ያልኩት ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ውሎ አንዴ ሲጮህ ቤቱ ሁሉ ስለሚነሣለት ነው። እናቱን፣ የጋሼን ልጅ፣ ኮሎኔል ነው የምላት፤ በቤቱ ከእሷ በላይ አዛዥ የለም። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ የወለደችው እኛ ጋ፣ አባቷ ቤት ነው።

ጋሼ ለልጁ አልጋ ሠርቶለታል። መጋጠሚያው ጥፍር አያስገባም። እኔ ሦስት ጊዜ ቀባሁት። ግን ልጁን አንድ ቀን አቅፎት አያውቅም። «እጄ ሙጫ ነው።» «እጄ አቧራ ነው።» ዛሬም ያው።

«ሙጫ ከሆነማ ጥሩ ነው፤ አይወድቅብህም» አልኩት።

አልሳቀም። የልጁ ልብስ ግቢው ገመድ ላይ በተሰጣ ቀን ደግሞ ዞሮ በኋላ በር ነው የሚገባው። ዝናብ እንኳ ቢሆን! «የሽንት ጨርቅ የሚፈራ መድፈኛ» ብዬ ስም አወጣሁለት። ኮሎኔሏ ሳቀች። ጥሩ ስም ነው።

ቅዳሜ 9

የመጀመሪያው ችሎት። ባለ መድኃኒት ቤቷ ተነሣች። «በጦርነት ወታደር ወታደርን ይገድላል፤ ይህ ራሱ ይበቃ ነበር። ይህ ቦምብ ግን አይመርጥም። ሆስፒታሉን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ገና ያልተወለደውን ሁሉ ነው የሚመታው። ይህን እያወቀ የጣለ ሰው ታዘዝኩ ቢል ነፃ አይወጣም» አለች።

እኔ ሱሪዬን ከፍ አድርጌ ተነሣሁ። «ክቡራን፣ ጦርነቱ ቢቀጥል ስንት ሺህ ሰው ይሞት ነበር? የሚያም ጥርስ አንዴ ይነቀላል እንጂ በየቀኑ ሩብ ሩቡን አይሸርፉትም!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እሷ መነጽሯን አወለቀች።

«ጠበቃ ሆይ፣ ደንበኛዎ የነቀለው እኮ የጎረቤቱን ልጅ ጥርስ ነው።»

በእሷ መልስ ደግሞ ይበልጥ ተሳቀ። ሲጨበጨብላት እኔም አጨበጨብኩላት፤ ከዚያ ተቃዋሚዬ መሆኗ ትዝ አለኝ።

የሚፈርዱት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ዕጣ ይወጣል። ቤተሰብም ስሙን ማስገባት ይችላል ተባለ።

ማክሰኞ 12

ባለ ጋራዡ መጥቶ ለምድር ቤቱ በር አዘዘ። «ቦምብ የማያሳልፍ ይሁን» አለ። ከጥድ።

«ቁልፉ ከውስጥ ይሁን ከውጭ?» አልኩት።

«ከውስጥ።»

«ጎረቤት ሲያንኳኳስ?»

ተናዶ ሄደ። ጋሼ፣ «ሰው እያባረርክ እንዴት እንብላ?» አለኝ። ቢሆንም ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ ነበረች። አየኋት።

ማታ ማታ ሬዲዮው ሲከፈት ግን ድምፁን የሚቀንሰው እሱ ነው።

ራሴን አሞኝ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። በዚህ ሳምንት ሦስተኛዬ ነው። መቼም የወቅቱ አየር ጥሩ አይደለም።

ቅዳሜ 16

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ፤ ደብተሩ የኔ ነው።

አንድ የማያወላውል ድምፅ ያስፈልገኝ ነበር። ወታደር በወታደር አይፈርድም ብዬ የጋሼን ስም ሦስት ወረቀት ላይ ጽፌ ሣጥኑ ውስጥ ጨመርኩ። አንዱ ወጣ። ስሙ ሁለቴ ተጠራ፤ እሱ ግን አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። «እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ ቤት ሄጄ ስነግረው።

«የሚያውቁትማ ተከራከሩ። የሚፈርድ ነው የጠፋው።»

ኮሎኔሏም ደስ አላት። «ሂድ አባዬ፣ ከቤት ውጣ እስቲ!» በጣም ብልህ ነኝ ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ 18

መምህሯ፣ «የራሳችሁን ከተማ ካርታ አምጡ። ቦምቡ እዚህ ቢወድቅ የት ድረስ እንደሚደርስ ሥላችሁ አሳዩ» ብላ የክቦቹን ስፋት የያዘ ወረቀት ሰጥታን ነበር። ካርታውን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ጋሼን ጠራሁት።

«መሀሉ የት ይሁን?» አለኝ። ትልቁን የእንጨት ሥራ ኮምፓስ አንሥቷል።

«ድልድዩ ጋ።»

መርፌውን ተከለ። አንደኛ ክብ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። መስመሩ አንዴ አልተዛነፈም። ሰው አሳምሮ የሠራው ሥራ እንዲህ ሲያስጠላው አይቼ አላውቅም።

ቤተ መጻሕፍቱ የመጀመሪያው ክብ ውስጥ ገባ። መድኃኒት ቤቱም። ይህን አልወደድኩትም። የእኛ ቤት ሁለተኛው ውስጥ ነው።

«ክብ ስትስል መሀሉ አይታይህም» አለ ጋሼ። «መርፌው ይሸፍነዋል።»

ሲነቅለው ካርታው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ቀርቷል። ጣቱን ቀዳዳው ላይ አድርጎ ቆመ። ቆመ። ከዚያ ኮምፓሱን ሰቅሎ በኋላ በር ወጣ። ገመዱ ላይ ዛሬ ምንም ልብስ አልነበረም።

ዓርብ 22

ሳልፈልግ ሰማሁ። (ፈልጌ ነው።) ኮሎኔሏ ከባሏ ጋር ስልክ ላይ ነበረች።

«አባዬ ልጄን አልወደደውም። አይ፣ አልተሳሳትኩም፤ ስሰጠው እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ወሩ ሲያልቅ፣ እሑድ መኪናውን ይዘህ ና። አንተ ጋ እመጣለሁ።»

ወሩ ሊያልቅ ስምንት ቀን ቀረው። ቤቱ ያለ እነሱ ምን እንደሚመስል አስታውሳለሁ። ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ድስት፣ ሬዲዮ።

ወደ ጋሼ ሄጄ ልነግረው ነበር። በምትኩ አንድ ቀልድ ነገርኩት።

ቅዳሜ 23

ሁለተኛው ችሎት። ፈራጆቹ ፊት ለፊት ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ጋሼ ጥግ ላይ።

ባለ መድኃኒት ቤቷ መጽሐፍ ገልጣ አነበበች። በሂሮሺማ ያን ቀን ጠዋት በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከክፍል ውጭ ነበሩ። ቃጠሎ ሲነሣ እሳቱ እንዳይዛመት ቤት እያፈረሱ ክፍት ቦታ እንዲያወጡ ታዘው። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመታቸው ነበር። መጽሐፉን ስትዘጋ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ ይመስል።

መምህሯ፣ «ከፈራጆች ጥያቄ በጽሑፍ መጥቷል» አለችና አነበበችው፦ «አብራሪው ከዚያ በኋላ ሄዶ ቦታውን አይቶታል?»

እኔም ዘልዬ፣ «ደንበኛዬ ወንበር ስለሆነ ካልተሸከሙት አይሄድም!» አልኩ።

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ወረቀቱ መምህሯ እጅ ላይ ስለነበር ዘግይቼ ነው ያየሁት። ጽሑፉን አውቀዋለሁ። ሣንቃ ላይ በወፍራም እርሳስ፣ «ይህ ወገን ወደ ላይ» ብሎ የሚጽፈው ያው ጽሑፍ ነው።

እሑድ 24

አፌ። አፌ። አፌ።

በአርባ ዓመት ውስጥ ወንድሜ ከልቡ የጠየቀው ብቸኛ ጥያቄ ነበር፤ እኔም ሰው አሳቅኩበት።

ምሳ አልበላም። ባለሥልጣኑ ሲያለቅስ ተነሥቶ አልጋው ድረስ ሄደ። አልጋውን ወዘወዘው። አልጋውን ብቻ።

ረቡዕ 27

የትምህርት ቤት ጠረጴዛ ትእዛዝ መጣ፤ አርባ። ቀኑን ሙሉ ብርጭቆ ወረቀት ስገፋ ዋልኩ። በመሀል፣

«ጋሼ፣ ለመዝጊያ ንግግሬ አንድ ቁጥር ንገረኝ። ጦርነቱ ባይቆም ስንት ወታደር ያልቅ ነበር ልበል?»

«ቁጥር አትጠይቀኝ።»

«ግምት እኮ ነው።»

«ቁጥር ነበር የሚሰጡን» አለ። «ሰባት ሺህ ሁለት መቶ። ግራ፣ ሦስት። በቃ። ይኸው ነው ቁጥር።»

ከዚያ ወደ መጋዙ ተመለሰ። እኔ መጀመሪያ የሣንቃ ትእዛዝ መስሎኝ ነበር። ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ምን? ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ገባኝ፤ የመድፍ ተኩስ ርቀት ነው። የገባኝ ግማሹ ነው፤ እንደ ጋዜጣዬ።

ሐሙስ 28

ራሴን ሳያመኝ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሦስቱን ወረቀትና ጋሼን ከፈራጅነት ላስወጣው ማሰቤን ነገርኳት።

«ሦስት ጊዜ የጻፉት ለማሸነፍ ነው?»

«አዎ።»

«አሁን ከፈራጅነቱ ሊያስወጡት የፈለጉትስ?»

«ወንድሜ እየታመመ ነው። የማሸነፉ ነገር ይቅርብኝ።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። መነጽሯን አወለቀች፤ ዓይኗ ግን አልተቆጣም። «ለኔ ሳይሆን ለመምህሯ ይንገሩ። እሷ ደግሞ ምርጫውን ለእሱ ትስጠው። ሌላ ሰው ሲወስንለት የኖረ ይመስለኛል» አለች።

መምህሯ ጆሮዬን ብትይዘኝ ደስ ይለኝ ነበር። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ «አፈርኩብዎት» ነው ያለችኝ። ከዚያ ወደ ሥራ ቤታችን መጥታ ጋሼን ለብቻው አነጋገረችው። ውጭ ቆሜ የሰማሁት አንድ ቃል ነው።

«እቀመጣለሁ።»

ቅዳሜ 30

እጄ ደክሟል፤ ቢሆንም ሁሉንም መጻፍ አለብኝ።

አዳራሹ ሞልቷል። ኮሎኔሏ ባለሥልጣኑን ታቅፋ ከኋላ ተቀምጣለች። ጠዋት ሻንጣዋን ስትሞላ አይቻታለሁ።

የመዝጊያ ንግግሬን የጻፍኩበትን ወረቀት አወጣሁ። አሥራ አንድ ቀልድ ነበረበት። መልሼ አጠፍኩትና እንዲህ አልኩ። «ቦምቡ መጣሉ ትክክል ነው ብዬ መከራከር ነበረብኝ። የልጆቹን ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ ምላሴ እምቢ ብሎኛል። የምለው ሌላ ነው። ካርታውን ያነበቡት፣ ቦታውን የመረጡት፣ ፊርማ የፈረሙት እዚህ አልተቀመጡም። አንድ ወንበር ብቻ ነው ያመጣችሁት። ይህ ሰው ነገሩ ቶሎ ካለቀ ጓደኞቼ ቤታቸው ይገባሉ ብሎ አስቦ ይሆናል። ገብተዋልም። እባካችሁ፣ ሁሉን እሱ ላይ አትጫኑ።» ተቀመጥኩ። ማንም አልሳቀም። ለመጀመሪያ ጊዜ አልከፋኝም።

ፈራጆቹ ተራ በተራ እየተነሡ ተናገሩ። ፖስተኛው፣ ጥፋተኛ አይደለም። ልብስ ሰፊዋ፣ ጥፋተኛ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ለአራት ሆነ። የቀረው ጋሼ ነው።

ተነሣ። እጁን ከኪሱ አወጣ።

«እኔ ሦስት ወረቀት ላይ ተጽፌ ነው የተመረጥኩት» አለ፣ ወደኔ እያየ።

ቤቱ ሳቀ። እኔ ወንበሬ ውስጥ ሰመጥኩ።

«ጠበቃው ወንድሜ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እኔን ከቅጣት ማስመለጥ ልማዱ ነው። አባታችን ሲቆጣ እሱ ይቀልዳል፤ እኔ በመስኮት እወጣለሁ። ዛሬ ግን አልወጣም።

«መድፍ ከዚህ ቦምብ ጋር አይወዳደርም፤ ትንኝና ዝሆን ነው። ግን እኔም ቁጥር ተሰጥቶኝ ተኩሻለሁ። ወፍጮ ቤት ነው፤ ጠላት አለበት ተባልን። ምናልባት ነበረ። ውጊያው በዚያው ቀን አለቀ። ጓደኞቼ ተረፉ፤ ይህም እውነት ነው። በማግሥቱ በዚያ አለፍን። ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል። ልብሱ ምንም አልሆነም። ልብሱ ብቻ።»

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ኮሎኔሏ ቆማለች።

«አለቃዬ፣ አንተ ምን አጠፋህ፣ ታዘህ ነው አለኝ። ጓደኞቼም እንዲሁ። ሚስቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንዲሁ። ሁሉም ለኔ አዝነው ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ነፃ ነህ እየተባልኩ ኖርኩ። ነፃ የተባለ ሰው ማንን ይቅርታ ይጠይቃል? እዚያ ገመድ ሥር ቆሜ ያልኩት ነገር ነበር፤ የሚቀበለኝ አላገኘሁም።

«ይህ ሰውዬ ጥፋተኛ ነው። አትሰሩት። አለቆቹንም ጥሩና አጠገቡ አስቀምጡ፤ ወንድሜ ልክ ነው፤ ወንበር እኔ እሠራለሁ። ግን ጥፋተኛ ነው በሉት። ይረፍ።»

ጋሼ ተቀመጠ። ወዲያው ባለሥልጣኑ፣ «አ!» አለ፣ እንደ ማኅተም። መምህሯ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገችና፣ «አምስት ለአራት። ጥፋተኛ» አለች።

ተሸነፍኩ። ባለ መድኃኒት ቤቷ መጥታ ጨበጠችኝ። እጄን ቶሎ አልለቀቀችውም፤ ወይም እኔ ነኝ ያልለቀቅኩት። አጣርቼ እጽፋለሁ።

እሑድ 1

ጠዋት ፀሐይ ወጣ። ኮሎኔሏ ሆን ብላ የልጁን ልብስ ሁሉ፣ ሻንጣ ውስጥ የነበረውን ንጹሑን ሳይቀር፣ አጥባ ገመዱ ላይ ሰጣችው። ከዚያ ደጃፍ ላይ ቆመች።

ጋሼ ከሥራ ቤቱ መጣ። ቆመ። የኋላ በሩን አየ። እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ፤ የምለው ቀልድ ነበረኝ፤ ምላሴን ነከስኩት። ሰባት ስምንት እርምጃ ነው። እያንዳንዱን ልብስ በክንዱ ቀስ እያለ ገለጥ እያደረገ በገመዱ ሥር አለፈ።

እጁን ታጠበ። ደግሞ ታጠበ። እስከ ክርኑ።

«አባዬ፣ ሳሙናው እኮ አለቀ» አለች።

«ስጪኝ።»

ልጁን ሰጠችው። አጎንብሶ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ነገረው። ረጅም ነው። አልሰማሁትም፤ ዛሬ ለመስማትም አልሞከርኩም። ባለሥልጣኑ አድምጦ ሲጨርስ ሸናበት።

«ይኸው፣ ተቀበለህ» አልኩ። ጋሼ ሳቀ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ከሳቅ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኩም።

ከሰዓት ባሏ መንገድ ላይ ሆኖ ደወለ። «ልብሱ አልደረቀም፤ በሌላ ሳምንት» አለችው። ልብሱ ከደረቀ አራት ሰዓት ሆኖታል።

ሬዲዮው አሁንም ያው ነው። ሁለቱ አገሮች እንደተፋጠጡ ናቸው። ጋሼ ዛሬ ድምፁን አልቀነሰም፤ «እስቲ ካርታውን ከመዘርጋታቸው በፊት እዚህ ገመድ ሥር መጥተው በቆሙ» አለ።

ሰኞ 2

ባለሥልጣኑን ልናስመዝን መድኃኒት ቤት ሄድን። የተሸከመው ጋሼ ነው፤ ለኮሎኔሏም እምቢ አለ።

«ስንት ይሆናል?» አልኩት።

አንድ ዓይኑን ጨፈነ። «አራት ተኩል።»

ሚዛኑ ላይ ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሆነ። ጋሼ ሲሳሳት ሳይ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ሚዛኑን ጎንበስ ብሎ ሁለት ጊዜ አየ፤ ከዚያ አንድ ነገር እንደተሰጠው ሰው ፈገግ አለ።

ባለ መድኃኒት ቤቷ ወደኔ ዞረች። «እርስዎስ፣ የራስ ምታት ልስጥዎት?»

«ዛሬ ደኅና ነኝ።»

«ታዲያ ነገ ይምጡ» አለች፣ መነጽሯን አውልቃ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሼ ቀድሞን ቀስ እያለ ይሄዳል፤ የልጁ ራስ ትከሻው ላይ ነው። በር ላይ ስንደርስ ልፈትነው ብዬ፣

«ጋሼ፣ ከመድኃኒት ቤቱ እስከዚህ ስንት ሜትር ነው?» አልኩት።

ዞር አለ።

«እንጃ» አለኝ። «ልጁን ነበር የማየው።»